የሌኖራ በር አልባ ባንክ

ሌኖራ ኒየሚ አፏን በመዳፏ ሳትጋርድ መሳቅ የጀመረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል፣ በባሏ ጀልባ ላይ የገመድ መጠቅለያው እጀታ ተፈናጥሮ ሁለቱን የላይ የፊት ጥርሶቿን ካረገፈባት ወዲህ፣ የሚያስቅ ነገር በሰማች ቁጥር ቀኝ እጇ ቀድማ ትነሳ ነበር። በምትነዳው አውቶቡስ የሚመላለሱት ተማሪዎች ሳይቀሩ ለምደውት፣ “ሚስ ሌኖራ እጇን ካነሳች ቀልዱ ሠርቷል ማለት ነው” ይባባሉ ነበር። ጥርስ ማስተከል በሌኖራ አገር የአንድ አሮጌ መኪና ዋጋ ነው። ኢንሹራንሷ ደግሞ ነገሩ የቁንጅና እንጂ የጤና አይደለም ብሎ መልሷታል። ያም ሆኖ አስተከለች፤ ያውም ከማንም ሳትበደር። እንዴት እንደሆነላት ለጠየቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነበር።

“ባንኬ ነው።”

ይህን መልስ ሰምታ የማታልፍ ሰው ብትኖር ታላቅ እህቷ ኢርማ ናት። ኢርማ ወንዙ ዳር ካለው የዓሣ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት ናት፤ ምላሷም ከቢላዋዋ እኩል የተሳለ ነው። የእሷ ገንዘብ ያለው መንገዱ ጥግ ላይ ካለችው የቁጠባ ማኅበር ሲሆን፣ በየሳምንቱ ዓርብ ውሻዋን ይዛ ትሄዳለች። ገንዘብ ከፋይዋም ለኢርማ ደረሰኝ፣ ለውሻው ብስኩት ትሰጣለች።

“የት ነው እሱ ባንክሽ?” ትላለች ኢርማ። “እስቲ በሩን አሳዪኝ።”

“በር የለውም አልኩሽ እኮ። ስልኬ ውስጥ ነው።”

“መስኮትስ?”

“እሱም የለውም።”

“ታዲያ ሊዘርፉት ሲመጡ በየት ሊገቡ ነው? ምስኪን ሌቦች!”

ሌኖራ ትስቃለች እንጂ አትከራከርም። ይህ ባንክ ምን እንዳደረገላት ለማስረዳት ከሮይ መጀመር አለባት፤ ስለ ሮይ ማውራት ደግሞ ከተወችው ቆይታለች።

ሮይ የቀድሞ ባሏ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። በበጋ ወደ አላስካ ወጥቶ ዓሣ ሲያሰግር ከርሞ፣ ጥቅልል ብር ይዞ ይመለሳል። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ወዳጁ ነው፤ መጠጥ ቤቱ በእሱ ሒሳብ ይጠጣል፣ ጀልባው አዲስ ሞተር ያገኛል፣ ሌኖራም ያላዘዘችው ካፖርት ይገዛላታል። ክረምቱ ሲጋመስ መብራት ኃይል በሩን ያንኳኳል። ዓሣ ሲገባ ንጉሥ፣ ዓሣ ሲሄድ ለማኝ ሆነው ሃያ ዓመት ኖሩ። ሌኖራም ከዚያ ቤት ስለ ገንዘብ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ እጅ ላይ ሳለ ቶሎ መጠቀም እንደሚሻል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለሸቀጥ ሱቁ የጻፈችው ቼክ ባዶ ሒሳብ ላይ ወድቆ ተመለሰ። ባለሱቁም የተመለሱ ቼኮችን ባንኮኒው መስታወት ላይ ይለጥፍ ስለነበር፣ ስሟ ከትንባሆው ማስታወቂያ በታች ሁለት ሳምንት ሙሉ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። በአውቶቡሷ የምታመላልሳቸው ልጆች እናቶች ሁሉ እዚያ ሱቅ ነው የሚገዙት። ማንም ምንም አላላትም። ያ ዝምታ ነበር ያንገበገባት።

በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ከሮይ ጋር በሰላም ተለያዩና ኮረብታው ላይ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየች። አስቶሪያ ከተማ ቤቶቿ ሁሉ ዳገት ላይ የተሰቀሉ፣ ከታች ኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ውቅያኖስ ሲገባ የሚታይባት ናት። ከሌኖራ ወጥ ቤት መስኮት መርከቦች ተራ ይዘው ሲቆሙ ይታያሉ። በዚያ ሰሞን ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ ስልኳን አውጥታ ጁንኮ የሚባለውን ባንክ ያሳየቻት።

ጁንኮ በየሰው መስኮት ሥር ክረምቱን የምትከርም ግራጫ ትንሽ ወፍ ናት። ባንኩ ስሙን ከእሷ ወስዶ ምስሏን ካርዱ ላይ አትሞታል። ቅርንጫፍ የለው፣ ሕንፃ የለው። ደመወዝ ሲገባ ስልኩ ላይ ከረጢቶች ይከፈታሉ። የሒሳቡ ባለቤት ራሷ ስም ታወጣላቸዋለች፤ ኪራይ ብላ፣ ጎማ ብላ፣ ገና ብላ። እያንዳንዱ ከረጢት ድርሻውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ይደበቃል። ከላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር የቀረው ብቻ ነው፤ ያለ ሐሳብ የምትነኪው ይህን ነው ይላል። ሌኖራ ቁጥሩን መጀመሪያ ያየች ቀን አሥራ ዘጠኝ ዶላር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዶላር ኖሯት እንዲህ ዓይነት ዕረፍት ተሰምቷት አያውቅም።

ወዲያው አንድ ጥያቄ መጣባትና፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪወጡ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ ለባንኩ ጻፈች። “የከረጢት ስም ላይ ስድብ መጻፍ ይፈቀዳል?”

ከአራት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። “ይፈቀዳል። እኛ አናነበውም። ነገር ግን ስድቡ ጥሩ ከሆነ ቢያካፍሉን ደስ ይለናል። ማርጎ ነኝ።”

ሌኖራ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ያኔ ገና ጥርሶቹ አልተተከሉም። ስድቡንም ላከችላት፤ የሮይን ጀልባ የሚመለከት ነበር። ማርጎም “ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳላነብ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል” ብላ መለሰች።

እንዲህ ተጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ተጻጻፉ። ባንኩ ብዙ መልስ ሰጪዎች ነበሩት፤ ሌኖራ ግን “ማርጎ ካለች ለእሷ” ብላ ትጀምራለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ትደርሳታለች። “ጥርስ” የሚለውን ከረጢት ስትከፍት የነገረቻት ለማርጎ ነው። ሁለት ጊዜ መኪናዋ ተበላሽቶ ከረጢቱን ስትገለብጠው ያጽናናቻትም ማርጎ ናት። “አልጠፋም እኮ፤ ጥርሱ መኪና ሆነ እንጂ። መኪናው ደግሞ ወደ ጥርሱ ያደርስዎታል።” በሦስተኛው ዓመት ከሐኪሙ ወንበር ተነሥታ ያነሣችውን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ያየች ሰው ከኢርማ ቀጥሎ ማርጎ ነበረች። ድምፅዋን ግን ሰምታው አታውቅም፤ መልኳንም አታውቀው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ጥር፣ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አውቶቡሶቹ ልጅ ሳይሆን ምሳ ነበር የሚያመላልሱት። ሌኖራ በየደጁ እየቆመች፣ ጭንብሏን አጥልቃ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና ወተት ታድላለች። ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንድ ዝናባማ ቀትር ላይ የመጨረሻውን ምሳ አድርሳ ሞተሩን እንዳጠፋች ስልኳ ጮኸ።

“ውድ ደንበኞቻችን” ይላል። ይህን አጀማመር ሲያይ የማይደነግጥ ማን አለ? ጁንኮን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ባንክ ገዝቶት ነበር። አሁን ያንን ትልቅ ባንክ ሌላ የባሰ ትልቅ ባንክ ሊገዛው ነውና፣ ትንሿ ወፍ አታስፈልግም ተባለ። ሒሳባችሁ በግንቦት ወደ ትልቁ ይዛወራል፣ ገንዘባችሁ አንድ ሳንቲም አይጎድልም፣ ከረጢቶቹ ግን አብረው አይሄዱም።

ሌኖራ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጻፈች። “ማርጎ ካለች ለእሷ። አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?”

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት መጣ። “እኛም የሰማነው ትናንት ጠዋት ነው። ስለ ራሴ እንዳልጽፍ ታዝዣለሁ። ትናንት ከሺህ በላይ መልእክት ሲመጣልን ስለ እኛ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነበሩ።”

ደንበኞቹ በሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ የቴኔሲ ሰው በከረጢቱ ባጠራቀመው ገንዘብ ልጅ አሳድጎ የማደጎ ወረቀቷን እንዳስጨረሰ ጻፈ። አንዲት ነርስ ከባሏ ያመለጠችው በአንዲት ስም የለሽ ከረጢት መሆኑን ተናገረች። “ውሻዬ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላዘንኩም” ያለም አለ፤ “ውሻህ ምንኛ ያሳዝናል” ብለው ሳቁበት። ሌኖራ ማታ ማታ እያነበበች ትቆያለች። ሳይተያዩ አንድ ቤት አብረው የኖሩ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸክፉ የምታይ ይመስላት ነበር።

ኢርማ ወሬው ሲደርሳት ሌኖራ የፈራችውን ያህል አልተሳለቀችባትም።

“አዘንኩልሽ” አለች። ግን አላስቻላትም። “ቢያንስ የሚሸጥ ሕንፃ የለባቸውም።”

ግንቦት ሰባት ቀን ከማርጎ የመጨረሻው መልእክት መጣ። አጭር ነበር። ዛሬ ማታ መስመሩ ይዘጋል፣ ከነገ ጀምሮ የባንክ ሠራተኛ ስላልሆንኩ የግል አድራሻዬን ብሰጥዎ የሚከለክለኝ የለም፣ ይኸው፣ ትላለች።

በማግስቱ ሌኖራ የአዲሱን ባንክ መተግበሪያ ከፈተች። ወፏ የለችም። ከረጢቶቹ ሁሉ ተራግፈው አንድ ላይ ፈሰዋል፤ ጤፉም ስንዴውም ባቄላውም በአንድ ጎተራ ተደባልቆ ነበር ማለት ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይታያል፤ ሦስት ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሌኖራ በሕይወቷ ይህን የሚያህል ቁጥር ባንድ ላይ ተቆልሎ አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ተከፋፍሎ፣ ተሸሽጎ ነበር የሚቀመጠው። አንጀቷ ውስጥ የሮይ ቤት ልማድ ብድግ አለ። ዓሣ ገብቷል!

በሦስተኛው ቀን ዲፕ ፍሪጅ ገዛች። ትልቁን፣ ሰው የሚያስተኛውን። አጠገቡ የግቢ መጥበሻ በቅናሽ ነበርና እሱንም ጨመረች። ሁለት ወጣቶች ዳገቱን እያለከለኩ አምጥተው ጓዳ ውስጥ ተከሉላት፤ ጓዳው ሞልቶ መጥረጊያ ማስገቢያ ጠፋ። ያን ማታ ፍሪጁ ሲያጉረመርም እየሰማች በደስታ ተኛች።

በሳምንቱ ኪራዩ ወጣ። ተከትሎ የመኪናው የስድስት ወር ኢንሹራንስ ወጣ። ተከትሎ በዱቤ የገዛችው ጎማ ቀሪ ክፍያ ወጣ። ዓርብ ጠዋት ነዳጅ ልትቀዳ ካርዷን ስትሰጥ ማሽኑ “አይ” አላት። አዲሱ ባንክም ያጎደለችውን ጨምሮ የቅጣት ሒሳብ ላከላት። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሌኖራ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ቆማ፣ ምን እንዳደረገች ሳታውቀው፣ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ኢርማ ቤት ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። ኢርማ ስለ መጥበሻው ስትሰማ ቻለችው፣ ስለ ዲፕ ፍሪጁ ስትሰማ ግን ወንበሯን ይዛ ሳቀች።

“ለምንሽ ነው? ብቻሽን ነሽ! ሰው ገደልሽ እንዴ?”

“ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ እዚህ ተዋርጄ…”

“እሺ በቃ፣ አቆምኩ።” ዓይኗን ጠረገች። “ስንት ጎደለሽ? እኔ እሰጥሻለሁ።”

“አልወስድም። ደመወዝ ማክሰኞ ነው።”

“ግትር! አባታችንን ቁርጥ ነሽ።” ኢርማ ውሻዋን ከእግሯ ሥር ገፋ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ስሚ ልንገርሽ። እኔ ሒሳቤ ውስጥ ስንት እንዳለ አላውቅም። አውቄም አላውቅም።”

“በየሳምንቱ እየሄድሽ?”

“እሄዳለሁ። ገንዘብ ከፋይዋን ‘ኬ፣ ደህና ነኝ?’ እላታለሁ። ኬ ኮምፒውተሯን ታይና ‘ደህና ነሽ ኢርማ’ ወይም ‘ይህን ሳምንት ቀነስ አድርጊ’ ትለኛለች። በቃ። እሷ ጡረታ የወጣች ቀን እኔም ካንቺ አልሻልም።”

ሌኖራ እህቷን አተኩራ አየቻት። ይህን በዕድሜዋ ሙሉ ሰምታው አታውቅም። በማግስቱ ኢርማ ከፋብሪካው በሠራተኛ ዋጋ የገዛችውን አርባ ፓውንድ የሚመዝን የሳልመን ዓሣ በጋሪ አምጥታ ዲፕ ፍሪጁ ውስጥ ደረደረችው። “ባዶ ቤት ያሳፍራል” አለች።

ያን ቀን ሌኖራ ለማርጎ በግል አድራሻዋ ጻፈችላት። “ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሽኝን በዘጠኝ ቀን አጠፋሁት። ዲፕ ፍሪጅ ገዛሁ።”

መልሱ እንደ ድሮው ፈጥኖ መጣ። “እኔ ደግሞ በስንብት ገንዘቤ ብስክሌት ገዛሁ። ብስክሌት መንዳት አልችልም።”

“አንድ ቅዳሜ ነይ” አለቻት ሌኖራ። “ዓሣ አለን። ብዙ ዓሣ።”

ማርጎ ዴልጋዶ በሰኔ ሁለተኛ ቅዳሜ ከፖርትላንድ የአውቶቡስ መንገዱን ጨርሳ መጣች። ሌኖራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ረጅም፣ ሸበቶ፣ መነጽራም ሴት ሠርታ ነበር። ከአውቶቡሱ የወረደችው ግን አጭር፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳ፣ ሁለት ካርቶን እንጆሪ ታቅፋለች። አፏን ስትከፍት ግን ሌኖራ ደነገጠች። ድምፅዋ ወፍራምና የተረጋጋ፣ ከገላዋ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ነበር።

“እርስዎ ነዎት?” አለች ማርጎ፣ የሌኖራን ጥርሶች እያየች። “ከፎቶግራፉ ይልቅ ያምራሉ!”

“አንቱታውን ተዪው የኔ ልጅ። ሮይን ስሰድብ አንብበሻል፤ ከዚህ በኋላ ምን አንቱታ ቀረን?”

“ሥራው አስለምዶኝ ነው። ልሞክር።” ሞከረችም፤ ግን አልቻለችም።

ኢርማ ግቢው ውስጥ አዲሱ መጥበሻ ላይ ሳልመኑን እያገላበጠች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማርጎን ከራስ እስከ እግር አየቻት።

“እና አንቺ ነሽ በሩ?” አለች።

ማርጎ ነገሩ አልገባትም ነበር። ሌኖራ ስትነግራት ግን ከት ብላ ሳቀች፤ በዚያ ወፍራም ድምፅ ስትስቅ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ኢርማም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደደቻት፤ የዓሣውን ሆድ፣ ቅባት ያለበትን ምርጡን ብልት፣ ለእሷ ቆረሰችላት።

ከበሉ በኋላ ሌኖራ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ሰፊ የሥዕል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። “በይ አስተምሪኝ” አለች። “ያለ ስልክ እንዴት ይደረጋል?”

ማርጎ እርሳሱን አንሥታ ያዘችና መልሳ አስቀመጠችው። “አንድ ነገር ልናዘዝ” አለች። “እኔ ከረጢት ኖሮኝ አያውቅም።”

“ምን አልሽ?”

“ለስንት ሺህ ሰው አስከፍቻለሁ። ለራሴ ግን አንድም የለኝም። ደመወዝ ሲመጣ እናቴ ያኪማ ከተማ አለች፣ ለእሷ እልካለሁ፤ ለቤት እከፍላለሁ፤ የተረፈውን አላየውም። ሰው ሲሳካለት ሳነብ የእኔም የተሳካ ይመስለኝ ነበር።” ፊቷ ቀላ። “ይህን ለደንበኛ መናገር አይፈቀድም ነበር።”

ኢርማ ልትቀልድ አፏን ከፍታ የእህቷን ዓይን አየችና ቀልዱን ዋጠችው።

ሌኖራ እርሳሱን ወሰደች። “እንግዲያው ካንቺ እንጀምር።” ወረቀቱ ላይ አንድ ክብ ሳለች። “ስም አውጪለት።”

“ምን ብዬ?”

“የምትፈልጊውን። አንቺ አይደለሽ ስድብም ይቻላል ያልሽኝ?”

ከመስኮቱ በታች አንድ መርከብ መልሕቁን እያነሣ ነበር። “የራሴ ወጥ ቤት” አለች ማርጎ። ፖርትላንድ ውስጥ በተከራየችው ክፍል ወጥ የምትሠራው ከአራት ሰው ጋር በተራ ነበር። ሌኖራ ጻፈችው። ከዚያ ሌላ ክብ፣ ከዚያ ሌላ። የማርጎ ሲያልቅ የሌኖራን ጀመሩ፤ ኢርማም “ለእኔም አንድ ሳሉልኝ፣ ለውሻው” ብላ ገባች። ቀኑ ተገባድዶ የማርጎ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል ወረቀቱ ሞልቶ ነበር።

ወደ ማቆሚያው ሲወርዱ ሌኖራ ስለ ሥራ ጠየቀቻት።

“አግኝቻለሁ” አለች ማርጎ፣ ደስታ በሌለው ድምፅ። “ሁለት የስልክ መልስ ቤቶች ይፈልጉኛል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ካለፈ ከደመወዝ ይቆረጣል።”

“የእኛ ስምሪት ክፍል ሰው ይፈልጋል” አለች ሌኖራ። “ክላይድ ጡረታ ሊወጣ ነው። ሬዲዮኑን ይዞ ለሃያ ሁለት አውቶቡስ መንገድ የሚነግረው እሱ ነው። ይጮኻል፤ እኛም እንጮኻለን።”

“እኔ የዚህን አገር መንገድ አላውቅም።”

“እኔንስ መች ታውቂኝ ነበር?”

ማርጎ እጇን አውለብልባ አውቶቡሷ ውስጥ ገባች። ረቡዕ ዕለት ግን ማመልከቻው በምን አድራሻ እንደሚላክ ጠይቃ ጻፈች።

ክላይድ ሥራውን ለማንም ማስረከብ የሚከብደው ሽማግሌ ነበር። ሁለት ወንዶችን ጠይቆ አሰናብቷል። ማርጎን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ “እንግዲህ ንገሪኝ” አላት። “ጭጋግ ወርዷል፣ አንዱ ድልድይ ተዘግቷል፣ ሃያ ሁለቱም ሾፌር ባንዴ ይጮኹብሻል። ምን ታደርጊያለሽ?”

“በየስማቸው እጠራቸዋለሁ” አለች ማርጎ። “አንድ በአንድ። ሰው ስሙን ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳል።”

ክላይድ ጢሙን አሻሸ። በዚያ ወንበር ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ሾፌሮቹን የጠራቸው በቁጥር ብቻ ነበር። “መንገዱን እኔ አስተምርሻለሁ” አላት።

ደመወዙ ከባንኩ ያነሰ ነበር፤ ኪራዩ ግን ከፖርትላንድ በግማሽ ይረክሳል። በነሐሴ ማርጎ ኮረብታው ሥር፣ ከሌኖራ ቤት አምስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ተከራየች። የወጥ ቤቱ ምድጃ ከሁለት ዓይኑ አንዱ ብቻ ይሠራል። ኢርማ የመጀመሪያውን ቀን ገብታ አይታ፣ “እሱም ቢሆን ያንቺ ዓይን ነው” አለቻት፤ ሸርጣን የሚቀቀልበት ትልቅ ድስትም አስቀምጣላት ሄደች።

ሌኖራም ያን ወር ኢርማ እየጎተተቻት ገንዘቧን ወደ ጥጓ የቁጠባ ማኅበር አዛወረች። ኬ ወረቀቱን ሞልታ ስትጨርስ በልማድ ብስኩት ዘረጋችላት። ሌኖራ ውሻ የላትም፤ ቢሆንም ተቀበለች። ሰፊው ወረቀት ዲፕ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ዓርብ ዓርብ እርሳስና ላጲስ ይዛ ጓዳ ትገባለች። ጁንኮን ትናፍቃለች፤ እሱን አትደብቅም። አንዳንዴ ስልኳን ስታወጣ አውራ ጣቷ ሳታዝዘው ወፏ ወደነበረችበት ጥግ ይሄዳል። ግን ከረጢቶቿን ሳታይ መቁጠር እንደምትችል ደርሳበታለች፤ ጎማው ስንት እንደደረሰ፣ ገናው ስንት እንደቀረው፣ ዳገት እየወጣች በቃሏ ትደምረዋለች።

መስከረም ላይ ልጆቹ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሌኖራ ሠላሳ አንድ ልጅ ጭና በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ከወንዙ ሸለቆ ስትወጣ፣ ከመታጠፊያው አልፎ መንገዱ ላይ የኤልክ መንጋ ተኝቶ አገኘች። ኤልክ አጋዘን ነው፤ ግን የፈረስ ቁመት አለው። ሃያ ያህል ናቸው፤ ከሞቀው አስፋልት ላይ ተንጋለው ያመሰኳሉ። ከኋላዋ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና መጥቶ ቆመና ጥሩንባውን ለቀቀው። ልጆቹ ጮኹ። ትንንሾቹ አለቀሱ። ሬዲዮኑ ላይ ደግሞ ሌሎቹ ሾፌሮች ስለ ጭጋጉ እየተሻሙ ይናገራሉ።

“ሌኖራ” አለ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሁሉንም አልፎ። “ደህና አደሩ? የት ደረሱ?”

ሃያ አንዱ ሾፌሮች አንቱታውን ሰምተው መስመሩ ላይ በሳቅ ፈረሱ። “አንቱ ሌኖራ!” አለ አንዱ። “እመቤቴ!” አለ ሌላው።

“ፍራንክ፣ ያንተ ተራ ቀጥሎ ነው” አለች ማርጎ። ፍራንክ ዝም አለ። “ይቀጥሉ ሌኖራ።”

“ኤልኮች ተኝተውብኛል። ከኋላዬ ግንድ የጫነ አለ፣ ጥሩንባውን አላቆመም። ልጆቹ ፈርተዋል።”

“ስንት ናቸው?”

“ልጆቹ ወይስ ኤልኮቹ?”

“ሁለቱም።”

ነገረቻት። ማርጎ የግንድ ጫኙን መኪና የጎን ጽሑፍ አስነበበቻትና ለባለቤቱ ድርጅት ስልክ ደወለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥሩንባው ጸጥ አለ። ከዚያ ማርጎ በሬዲዮኑ ልጆቹን አናገረቻቸው፤ ከመንጋው መሐል ቀንድ ያላቸውን ብቻ ቆጥረው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ሠላሳ አንዱም ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ስድስት አለ፣ አንዷ ስምንት አለች፤ ተጨቃጨቁ፤ ያለቀሱትም ልቅሷቸውን ረስተው ከጭቅጭቁ ገቡ።

መንጋው በገዛ ፈቃዱ ሲነሣ ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። ትልቁ ወንድ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ፣ የመንገዱ ባለቤት ይመስል አውቶቡሱን ገላምጦ ወደ ጫካው ገባ። ማርጎ ቀድማ ለትምህርት ቤቱ ደውላ ቁርሱ እንዳይነሣ አድርጋለች። ልጆቹ ሲደርሱ የወጥ ቤቷ ሴት በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበርና፣ እየሮጡ ገቡ። ሌኖራ ከኋላ ወንበሮቹ ላይ የተረሱ ሁለት ሹራቦችና አንድ ቦርሳ ሰብስባ ለወጥ ቤቷ ሴት አስረከበች። አንድ ትኩስ የፓን ኬክ ቁራሽ ተሰጣት። እሱን በአንድ እጇ እየገመጠች፣ በሌላው እጇ መሪውን ይዛ፣ ባዶውን አውቶቡስ ቀስ ብላ ወደ ግቢው መለሰች።